አምስት ሰው ሲገኝ

ሦስት ቁጥር አልጋ ላይ ለተኛው ሰው አምስት ዓይነት ተጨማሪ ሕክምና ታዞለታል። ከራስጌው ብረት ላይ የቫይታሚን ከረጢት ተንጠልጥሎ ቢጫ ጠብታ ያንጠባጥባል። በአፍንጫው በገባው ቀጭን ቱቦ የተፈጨ ዚንክ ይወርዳል። ጠዋት አንድ መርፌ አለ፣ ማታ ሌላ መርፌ አለ፤ አምስተኛው ደግሞ ቫይረስን የማይነካ አንቲባዮቲክ ነው። ሳንባው ግን ማንንም አልሰማም። ጉንፋን ነው ተብሎ የተናቀው በሽታ ሁለቱንም ጎን ሞልቶት፣ የመተንፈሻ መሣሪያው ያለ የሌለውን ኦክስጅን እየገፋለት፣ ሞኒተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከሰማንያ አራት አልወጣም። ከዘጠና በላይ መሆን ነበረበት።

ሰውየው የዕቃ ጫኝና አውራጅ አለቃ ነው። ቁም ሣጥን ሳይፈታ አራተኛ ፎቅ የሚያወጣ፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው። አሁን በማደንዘዣ ተኝቶ፣ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎው በጀርባው ተዘርግቷል።

የጽኑ ሕሙማን ክፍላችንን ኃላፊ፣ እሳቸው በሌሉበት፣ ነርሶቹ «ጨምር» ይሏቸዋል። በጠዋቱ ዙር የአንድ በሽተኛ የኦክስጅን ቁጥር ወርዶ ካዩ የሆነ ነገር ሳይጨምሩ አያልፉም። እኔን ደግሞ «ማስረጃ» ይሉኛል፤ በሌለሁበት ሳይሆን ፊቴ ላይ ነው። ሩቅ አገር አሥራ አንድ ዓመት ተምሬና ሠርቼ ከተመለስኩ ሰባት ወሬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ጊዜ «ማስረጃው የታል?» እንዳልኩ አንዷ ነርስ ቆጥራ ነበር። ሃያ ሲሞላ መቁጠሩን ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ዙር ላይ ኃላፊው ከረጢቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉትና፣

«እጥፍ ይሁንለት» አሉ።

«እጥፍ ቢሆን እንደሚጠቅመው ማስረጃ አለ?»

አብረውን የሚዞሩት ሲስተር ሳላቸውን ዋጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ክፍል ሠርተው ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀሯቸው ሴት ናቸው፤ ሳቅ ሲመጣባቸው የሚያስሉ ይመስላሉ።

«እንደሚጎዳውስ ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ ኃላፊው።

«ጉዳቱ እኛ ላይ ነው። አንድ ነገር የሠራን ይመስለንና ሌላውን እንተወዋለን።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

«መገልበጥ።»

በእስክሪብቷቸው ወደ ግድግዳው ብቻ አሳዩኝ። ከሰዓቱ ሥር በገዛ እጃቸው ጽፈው የለጠፉት ወረቀት አለ፦ አምስት የሠለጠነ ሰው ካልተገኘ በሽተኛ አይገለበጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ የታመመ ሳንባ በጀርባ ሲተኙ ከኋላው ይታፈናል። በሽተኛውን በሆዱ አስተኝተን አሥራ ስድስት ሰዓት ስናቆየው የታፈነው ክፍል ይከፈታል፣ ኦክስጅኑ ይወጣል፣ ከሚሞቱትም አንዳንዱ ይተርፋል። ከሁሉም ተጨማሪ ሕክምና ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ሁለቱ አንዱ ይህ ነው፤ ሌላው ከመርፌዎቹ አንዱ፣ ዴክሳሜታሶኑ ነው፣ እሱን አልነካሁትም። መገልበጥ ግን ፋርማሲ ውስጥ የለም። በአፉ እስከ መተንፈሻው ድረስ ቱቦ የገባለትን፣ በአንገቱና በክንዱ የመድኃኒት መስመር የተቀጠለለትን ከባድ ሰው አንድም ነገር ሳይነቀል ማዞር ነው። ቫይታሚን ለመስቀል አንድ እጅ ይበቃል። አንድ እጅ የሚጠይቀውን ሁሉ እንሰጥ ነበር።

የቀን ተረኞች ሦስት ነን። አንደኛዋ ነርስ ከአምስቱ አልጋዎች መለየት አትችልም። የምንተርፈው እኔና ሲስተር ነን።

እዚያ ሩቅ አገር «ይገልበጥ» ብዬ ስጽፍ አምስት ሰው ጓንቱን አጥልቆ ይመጣ ነበር፤ የአንዳንዶቹን ስም እንኳ አላውቅም። ማስረጃ ብዬ በሻንጣዬ ይዤው ከመጣሁት ግማሹ የእነዚያ ሰዎች ጉልበት እንደነበር የገባኝ እዚህ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንዳንድ ቀን ተመልሼ መሄድ ያምረኛል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ያቺን ወረቀት ከግድግዳው ላይ መቦጨቅ።

ያን ቀን ሁለቱንም አላደረግሁም። ወደ ኮሪደር ወጣሁ።

የአለቃው ቤተሰብ በሩ አጠገብ ነበር። ሚስቱ የፋርማሲ ፌስታል ታቅፋ ቆማለች። ሦስት ወንዶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንበር ጠፍቶ አይደለም፣ አላመኑትም። መካከለኛውን ወንድም «ሚዛን» ይሉታል፤ ማንኛውንም ነገር ዐይቶ ኪሎውን ይናገራል። ትንሹ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ስሙ «መስታወት» ሆኖ ቀርቷል፤ የሚሰበር ዕቃ ሁሉ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ሦስተኛው የሚስቲቱ ወንድም፣ አማቻቸው ነው፤ በር የሚያህል፣ ወሬ የማያበዛ።

«ዶክተርዬ» አለች ሚስቱ ፌስታሉን እየዘረጋችልኝ፣ «የሚጨመር ካለ ንገሪኝ። የሌለበት ድረስ ሄጄ አመጣለሁ።»

«የሚጨመር አለ። ግን አይሸጥም። ሦስት ሰው ነው።»

ሚዛን ቀና አለ። «ምን ዓይነት ሰው?»

«ከባድ ነገር የሚያነሳ፣ የታዘዘውን የሚሰማ።»

«የመጀመሪያው አለን» አለ። «ሁለተኛውን ከእኔ አይጠብቁ፣ ከአማቻችን ነው የሚገኘው።»

አማቹ ፈገግ አለ።

ምን ልናደርግ እንደሆነ ነገርኳቸው። አደጋውንም ሳልሸፍን ነገርኳቸው፦ ስናዞረው ቱቦው ከወጣ መልሶ ለማስገባት ያለን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ካልቻልን እጃችን ላይ ይሞታል። ካልገለበጥነውም ይህን ሳምንት የሚያልፍ አይመስለኝም አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ሚስቱ።

«አይደለሁም።»

ትንሽ አየችኝ። «ጎሽ» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ በር ላይ የወጣው የገባው ሁሉ እርግጠኛ ነበር። ግን እነዚህን? ቤት የቀየርን ቀን ስድስቱንም ብርጭቆ ፈጅተውብኛል።»

«ብርጭቆውን ያለ ጋዜጣ ያሸግሽው አንቺ» አለ መስታወት፣ «የምታላክኪው እኛ ላይ።»

«ዝም በል፣ ወንድምህ ተኝቶ።» ወደ እኔ ዞረች። «እሺ፣ ይግቡ። አንድ ነገር ግን ለምኜሻለሁ። ያቺን ቢጫ ውሃ አታውርጂብኝ። በመስኮቱ ስትንጠባጠብ ሳያት ነው እኔ ራሴ የምተነፍሰው።»

ጠዋት የተጣላሁባት ከረጢት ናት። እንዳለች ትቆይ አልኩ። ማስረጃዬን ጠይቁኝና የለኝም።

ኃላፊው ቢሯቸው ውስጥ ኮታቸውን እየለበሱ አገኘኋቸው፤ ስብሰባ ነበራቸው።

«የሠለጠነ ሰው ነው የሚለው ወረቀቱ» አሉ ጨርሼ ሳልነግራቸው።

«ሃያ ዓመት ሠልጥነዋል።»

«ቁም ሣጥን በመሸከም።»

«ቁም ሣጥንም ሲጎዳ አይናገርም። የእኛም ሰውዬ አሁን አይናገርም። የማይናገረውን ሳይጎዱ ማንሳት የለመዱ ሰዎች ናቸው።»

«እዚያ እንዲህ ነው የሚያስተምሯችሁ? ከኮሪደር ዘመድ ሰብስቦ ማስገባት?»

«እዚያ ዘመድ አላስፈለገኝም። ሰው ነበረኝ።»

ኮታቸውን ቆለፉ። «እምቢ ብያለሁ። ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ። እምቢ ማለትዎን መዝገቡ ላይ እጽፍና እገለብጠዋለሁ።»

በሩን ይዘው ቆሙ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ድምፃቸው ይልቁንም ዝቅ አለ። «እኔ ስመለስ በጀርባው ተኝቶ ላግኘው» አሉና ሄዱ።

ለሲስተር የሆነውን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ጡረታዬን ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ እንጂ» አሉና የጥፍር መቁረጫ ፍለጋ መሳቢያ ከፈቱ።

ሦስቱም ጥፍራቸውን ቆረጡ፣ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ለአማቹ የሚሆን ጋውን ጠፍቶ ከኋላው ክፍቱን በፕላስተር አያያዝነው። ባዶው ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ መስታወትን በሽተኛ አድርገን አስተኛነውና ልምምድ ጀመርን። አንድ አንሶላ ከሥሩ፣ አንድ ከላዩ፤ ጎኖቹን አንድ ላይ ጠቅልሎ መያዝ፤ ወደ ዳር መሳብ፤ በጎኑ ማቆም፤ በሆዱ ማሳረፍ።

«እንዲህ አይያዝም፣ ዶክተር» አለኝ ሚዛን ገና በመጀመሪያው። «በጣት ከያዙት ሳይደርስ ይደክምዎታል። ጨርቁን እስከ ሰውየው ጎን ድረስ ይጠቅልሉትና በመዳፍ።»

አሥራ አንድ ዓመት በጣቴ ስይዘው ኖሬያለሁ። ጠቀለልኩት።

«የሚያዝዘው ማነው?» አለ።

«ራስጌ ሆኖ ቱቦውን የያዘው። እኔ።»

«ልክ ነው። እኛም ጋ ወደ ኋላ የሚሄደው ነው የሚያዝዘው። የሚያስፈራው እሱን ነዋ።»

አራት ጊዜ ገለበጥነው። በአራተኛው መስታወት ተኝቶ ሊያንኮራፋ ምንም አልቀረውም። «እኔን እዚሁ ተዉኝና እሱን አምጡት» አለ።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስት ቁጥር አልጋን ከበብነው። ሲስተር ከግራ ከመስታወት ጋር፣ ሚዛንና አማቹ ከቀኝ፣ እኔ ራስጌ። ምን ያህል እንደገባ የሚያሳየውን የቱቦውን ቁጥር ከንፈሩ ላይ አነበብኩ፦ ሃያ ሦስት ሴንቲ ሜትር። ቱቦውን ከአገጩ ጋር አጣብቄ ያዝኩና እስከ ሦስት ቆጠርኩ።

መቶ አሥራ ስምንቱ ኪሎ እንደ አልባሳት ተነሣ። እዚያም ቢሆን እንዲህ ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ወደ ዳር መጣ፤ በጎኑ ቆመ። ያን ጊዜ ከመሣሪያው የሚመጣው ወፍራም የአየር ቱቦ የአልጋው ብረት ላይ ተያዘ። እጄ ላይ ሲወጠር ተሰማኝ።

«ቁሙ» አልኩ።

አልቆሙም። አንዳቸውም። በዚያው ልስላሴ፣ በዚያው ጥንቃቄ፣ ሰውየውን እስከ መጨረሻው አዙረው በሆዱ አሳረፉት፤ ቱቦው በጣቶቼ መካከል ሲንሸራተት እያወቅሁት።

መሣሪያው ጮኸ። ከንፈሩ ላይ ያለው ቁጥር ሃያ ሆኗል። ሞኒተሩ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ አምስት፣ ሰባ አንድ እያለ ወረደ። ሲስተር የተያዘውን ቱቦ ከብረቱ አላቀቁ፤ እኔ ሦስቱን ሴንቲ ሜትር ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጀርባውን አዳመጥኩ፣ በግራ አየር ይገባል፣ በቀኝ ይገባል። ሰባ አራት። ሰማንያ። ማንም አልተነፈሰም፤ ከእሱ በቀር።

ቁጥሩ ወደ ሰማንያ አራት ሲመለስ ነው መናገር የቻልኩት። «ቁሙ ስላችሁ ለምን አልቆማችሁም?»

ሚዛን ፊቱ ነጥቷል። «ደረጃ መሀል አይቆምማ፣ ዶክተር» አለ። «አንድ ሰው ቁም ካለ አንድ ነገር አምልጦታል ማለት ነው። ያኔ ቀጥ ያለ ይጨፈለቃል። ቶሎ ጨርሰህ ማስቀመጥ ነው። ገና ሥራውን ስንጀምር የያዝነው ይህን ነው፤ ያስያዘንም እሱ ነው» አለና ወንድሙን አየ።

አራት ጊዜ ስንለማመድ ማንሳትን፣ ማዞርን፣ ማሳረፍን አስተምሬያለሁ። ቁሙ ያልኩት ግን አንድም ጊዜ አልነበረም። እዚያ ማንም ሰው ቁም ሲባል ይቆማል፤ ስለዚህ መማር የሚያስፈልገው ነገር መሆኑ ትዝ አላለኝም። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም አልኳቸው። ቁጥሩ እስኪወጣ ግን እኔም አላመንኩትም።

በግማሽ ሰዓት ሰማንያ ስድስት ሆነ። በአንድ ሰዓት ዘጠና። መዝገቡን አወጣሁና ሁሉንም ጻፍኩ፦ ኃላፊው መከልከላቸውን፣ እነማን እንዳነሡት፣ ቱቦው ሦስት ሴንቲ ሜትር መውጣቱን፣ ሰባ አንድ መድረሱን።

«ይህቺን የቱቦዋን ነገር መጻፍ የግድ ነው?» አሉ ሲስተር በትከሻዬ ላይ እያነበቡ።

«የግድ ነው።»

«አይ ማስረጃ። በራስሽ ላይ ነው የምትሰበስቢው።»

ኃላፊው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። በሽተኛውን በሆዱ ተኝቶ አዩት፤ ቁጥሩን አዩት፤ ዘጠና ሦስት ይላል። ከዚያ መዝገቡን ቆመው አነበቡ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ሦስት ሴንቲ ሜትር» አሉ።

«አዎ።»

«የእኔዋ በሽተኛ ቱቦ ሙሉ በሙሉ ወጣ።» ዐይናቸውን ከመዝገቡ አላነሡም። «የዛሬ ሁለት ዓመት። ሦስት ሆነን ነው ያዞርናት። ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መልሰን ስናስገባው ጊዜው አልፎ ነበር።»

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሲስተርን አየኋቸው፤ መስኮቱን እያዩ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ፈሪ ነው ብዬ ሰባት ወር ሙሉ ፈርጄበታለሁ። አሁን የማደርገው ጠፋኝ። አዘንኩላቸው፣ ግን ሐዘኔ ውሳኔዬን አልቀየረውም። እሷን ያጡት ሦስት ስለነበሩ ነው። ይኼኛውን ደግሞ ማንም እንዳይነካው አድርገው ሊያጡት ነበር።

«ነገ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርስሻል» አሉ። «ዘመድ ከእንግዲህ እዚህ አይገባም።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ስድስት ሰዓቱ ይሞላል። ወደ ጀርባው መመለስ አለበት።»

«ከየክፍሉ ሰው እጠራለሁ።»

«ይጥሩ» አልኩ። ሲወጡ እኔም ተከትዬ ወጣሁና ለቤተሰቡ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው።

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ማኅተም፣ ፊርማ፣ «በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ»። ኃላፊው ስልክ ላይ ናቸው። ከቀዶ ጥገና ክፍል አንድ ነርስ ቃል ተገብቶላቸው ነበር፣ ድንገተኛ ገባና ቀረ። ከማዋለጃ ክፍል ሳቁባቸው። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ስልኩን አስቀመጡና ከኮሪደር ድምፅ ሰሙ። ወጣን።

የአንሶላ ማስቀመጫው የብረት ቁም ሣጥን ኮሪደሩ መሀል አየር ላይ ተንሳፍፏል። ሚዛን፣ መስታወትና አማቹ ይዘውታል፤ በአንድ ጎኑ አዘንብሎ፣ ወለል ሳይነካ፣ ቀጥ ብሎ። ሚስቱ ፊት ለፊታቸው ፌስታሏን ታቅፋ ቆማለች። የምታዝዘው እሷ ናት።

«ቁሙ ብያለሁ» አለች። «አማች ተብዬው፣ ክርንህ ተንቀሳቀሰች።»

«ወንድምሽ ነኝ» አለ አማቹ። በሁለት ቀን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«እዚህ ሥራ ላይ ወንድም የለኝም። ቁም።»

የአማቹ የግንባር ሥር ተገትሯል። ሴትየዋ አልቸኮለችም። ፀጉሯን አስተካከለች፣ ፌስታሏን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች፣ ከዚያ «ቀጥሉ» አለች። ቀጠሉ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ «ቁሙ»። ቆሙ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ከአሥራ ሁለት» አለ መስታወት እየቃተተ። «ጋሼ ቢነቃና ይህን ቢያይ ከሥራ ያባርረናል። የእሱን ትምህርት ነው የምናፈርስለት።»

ኃላፊው ወደ ቁም ሣጥኑ ቀረቡ። «ባዶ ነው?»

«አንሶላ ነው» አለ ሚዛን። «ከነብረቱ ሰባ ሁለት ኪሎ።»

አስቀመጡት። ኃላፊው በሩን ከፈቱ። አንሶላዎቹ በየመደርደሪያው እንደተጣጠፉ ናቸው፤ የላይኛው እጥፋት እንኳ አልተዛነፈም። ለረጅም ጊዜ አዩት። በሩን ዘጉ።

«ቱቦውን እኔ እይዛለሁ» አሉኝ።

«አይሆንም። ቱቦውን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«እኔ የክፍሉ ኃላፊ ነኝ።»

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

ማለት አልነበረብኝም ይሆናል። እጃቸውን አዩት፤ እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ ኪሳቸው ሊከቱት ፈልገው ተዉት።

«ታዲያ እኔ ምን ልያዝ?»

«የአየር ቱቦውን። ትናንት ብረቱ ላይ የተያዘው እሱ ነው፤ የሚያየው ሰው አልነበረም። አምስት አይበቃም። የእርስዎ ወረቀት ስህተቱ እዚያ ላይ ነው፤ ስድስት ነው የሚያስፈልገው።»

ከሲስተር ጎሮሮ ያች ሳል ተሰማች። ኃላፊው ጓንት ወሰዱ።

ሁለት ሰዓት ላይ ስድስታችን ከበብነው። ሃያ ሦስት። እስከ ሦስት ቆጠርኩ። ሰውየው ተነሣ፣ ወደ ዳር መጣ፣ በጎኑ ቆመ። የአየሩ ቱቦ በኃላፊው እጅ ላይ ልል ሆኖ ይከተለናል።

«ቁሙ» አልኩ።

ቆሙ። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ በሦስቱ ወንዶችና በሲስተር መዳፍ ላይ ቀጥ አለ። የመሣሪያው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ምን ሆነ?» አሉ ኃላፊው።

ቱቦውን አየሁ። ሃያ ሦስት። «ምንም» አልኩ። «መቆማቸውን ማየት ፈልጌ ነው። ቀጥሉ።»

በጀርባው አሳረፍነው። ሞኒተሩ ከዘጠና አንድ በታች አልወረደም። ኃላፊው የአየሩን ቱቦ አልለቀቁም፤ ሲስተር ናቸው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቋቸው።

«ደብዳቤው አይነሣም» አሉኝ ሲወጡ።

«አይንሣ።»

ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ደግመን ገለበጥነው። በሚቀጥለውም ቀን። በሚቀጥለውም። ሦስቱ ወንዶች ጠዋትና ከሰዓት በሥራ ልብሳቸው ይመጣሉ፣ ጥፍራቸውን ቆርጠው። ኃላፊው አንድ ቀን እንኳ ፈቅጃለሁ አላሉም፤ አንድ ቀን እንኳ ደግሞ የአየሩን ቱቦ ለሌላ ሰው አልሰጡም። በአሥራ አንደኛው ቀን ቱቦውን ከአፉ አወጣሁት።

የመጀመሪያ ቃሉ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ድምፁ የዛገ በር ነው። «ትከሻዬን» አለ። «ማነው የያዘኝ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ሚዛን።

«በጣት ነው የያዝከኝ።»

«በመዳፍ ነው።»

«ውሸታም» አለና ተኛ። ሚዛን ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ፤ ከዚያ ዐይኑን ጠርጎ፣ «አሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሷል» አለኝ። መዘንነው። አሥራ አንድ ተኩል።

አሁን ምን አዳነው ቢባል ሚስቱ ቢጫዋ ውሃ ናት ትላለች፤ ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች። ኃላፊው እጥፍ ማድረጋቸውን ያነሣሉ። ወንድሞቹ «ያነሣነው እኛ» ይላሉ። እኔ መገልበጡ ነው ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን አንድ ሰው ማስረጃ እንደማይሆን ሌላውን ስነግር የኖርኩ ነኝ። ምናልባት ሳንገለብጠውም ይድን ነበር። አላውቅም። የማውቀው ያን ቀን ቁጥሩ ከሰማንያ አራት ወደ ዘጠና ሦስት መውጣቱን ብቻ ነው፤ ያንንም ጽፌዋለሁ፣ ከሦስቱ ሴንቲ ሜትር ጋር።

ለደብዳቤው በአምስተኛው ቀን መልስ ሰጥቻለሁ። ሲስተር «ይቅርታ እጠይቃለሁ የምትል መስመር ጣል አድርጊባት፣ ምን ይጎድልብሻል?» አሉኝ። ጻፍኩ፦ የተከሰስኩበትን ድርጊት ፈጽሜያለሁ። ሰዎቹን ቁም ሲባሉ መቆምን ሳላስተምር ማስገባቴ ስህተት ነበር፤ አርሜዋለሁ። ማስገባቴ ግን ስህተት አልነበረም። ይህን በምጽፍበት ቀን አሥር ሰዓት ላይ እደግመዋለሁ። ከዚያ ፈረምኩ።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት እስካሁን አለ። አልቦጨቅሁትም። አንድ ጠዋት ግን «አምስት» የምትለው ቃል በእስክሪብቶ ተሰርዛ በላዩ «ስድስት» ተጽፎ አገኘሁት። ጽሑፉ የኃላፊው ነው። «የሠለጠነ» የሚለውን አልነኩትም፤ በእሱ ላይ ገና እንጣላለን።

ዛሬ አምስት ቁጥር አልጋ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ገብታለች። ያው በሽታ፣ ያው ቁጥር፣ ሰማንያ ሁለት። ኃላፊው በዙሩ ላይ ከረጢት አዝዘውላታል፤ ሲስተር ሰቅለውታል። ኮሪደሩ ላይ ልጇ፣ ሁለት እህቶቿና አብረዋት የሚሰፉ አራት ሴቶች ቆመዋል፤ ሁሉም ፌስታል ይዘዋል። በሩን ከፈትኩና መጀመሪያ ያየሁት ፊታቸውን አይደለም፣ እጃቸውን ነው።

«ፌስታሉን አስቀምጡት» አልኳቸው። «ከመካከላችሁ ቁም ሲባል የሚቆም ማነው?»